ለቆላ እግር፣ ለደጋ ዳገት፦ ስለ ረጅም የተራራ ሩጫ ጫማ አመራረጥ

ጫማ በእግርና በመሬት መካከል የሚገባ ዕቃ እንደ መሆኑ መጠን አመራረጡም ከእነዚህ ከሁለቱ መጀመር ይኖርበታል፤ ይሁን እንጂ በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋም ሆነ በሞያሌ ለሩጫ የተነሣሣ ወጣት ጫማ ሲፈልግ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ስሙ፣ ስለ ቀለሙና በቴሌቪዥን ያየው የማራቶን አሸናፊ ስላደረገው ሞዴል ነው። የዚህ ዲስኩር አቋም ጥያቄው ተገልብጦ መቅረብ አለበት የሚል ነው፤ ይኸውም የሚሮጥበት መሬት ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ እሾሁ፣ ድንጋዩ፣ ጭቃውና ሙቀቱ እንዴት እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ስለ ጫማው የሚነገረው ሁሉ ከዚያ ይከተላል ማለት ነው። ረጅም የተራራ ሩጫ ሲባልም እዚህ ላይ የሚታሰበው በመም ወይም በአስፋልት ላይ የሚካሄደው ሳይሆን፣ በእግር መንገድ፣ በከብት መሄጃና በኮረኮንች ላይ ለብዙ ሰዓት የሚዘልቅ፣ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቁበት ሩጫ ነው።

ነገሌ ቦረና ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቆላና ወይና ደጋ በሚገናኙበት ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ከእርሷ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ያለው አገር ወደ ዳዋና ወደ ገናሌ ወንዞች እየረገበና እየደረቀ ይሄዳል። መሬቱ በአብዛኛው ቀይ አፈር ነው፤ በመካከሉ ምስጥ የሠራቸው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ኩይሳዎች ቆመው ይታያሉ፤ በየሜዳው ደግሞ ዝናብ ሲነካው እንደ ሙጫ የሚይዝ ጥቁር ዋልካ አለ። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ቦረናዎች ጋና የሚሉት ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሀገያ የሚሉት አጭሩ ደግሞ በመስከረምና በኅዳር መካከል ይጥላል፤ ስለዚህ በየካቲት አቧራ ላይ ተሞክሮ የተወደደ ጫማ በሚያዝያ ዋልካ ላይ ሌላ ጫማ ሆኖ ይገኛል። ከነገሌ ወደ ሰሜን ገናሌን ተሻግሮ በዶሎ መና በኩል የሚያልፈው መንገድ በሐረና ደን ውስጥ እየተጠማዘዘ የባሌ ተራሮች ክፍል ወደሆነው ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ በዚያም 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይገኛል። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀንስ፣ ከ1,500 ሜትር ተነሥቶ 4,000 ሜትር የደረሰ ሰው 16 ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት ያልፋል፤ በዚህ ጉዞ ደረቅ እሾሃማ ቆላ፣ ሥር የተጋደመበት እርጥብ ደንና ቀዝቃዛ ድንጋያማ አምባ በአንድ ጫማ ሥር ይፈራረቃሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት የእሾሁ ነገር ነው። በደቡብ ቆላ በብዛት ከሚበቅሉት ግራሮች መካከል አናቱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው ግራር በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ዓይነት እሾህ ያወጣል፤ አንደኛው ነጭ፣ ቀጥ ያለና ረጅም ነው፣ ሁለተኛው አጭርና እንደ መንጠቆ የተቆለመመ ነው። ቀጥ ያለው ጫማውን ከሥር ይወጋል፤ የተቆለመመው ደግሞ የጫማውን የላይኛ ጨርቅ ይዞ ይቀድዳል። አርብቶ አደሩ በረቱን የሚያጥረው የግራር ቅርንጫፍ ቆርጦና ጎትቶ ስለሆነ የደረቀው እሾህ ከዛፉ ሥር ብቻ ሳይሆን ሰውና ከብት በሚመላለስበት መንገድ ሁሉ ላይ ተበትኖ ይገኛል። ይህ እሾህ የዘመኑ የሩጫ ጫማ የሚሠራበትን ስፖንጅ መሰል ለስላሳ ንጣፍ ሲያገኝ የሚያደርገው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ለስላሳው ነገር እሾሁን አይመልሰውም፣ ነገር ግን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ጅራቱ ከውጭ በድንጋይ ተመትቶ ሲሰበር ጫፉ ውስጥ ይቀርና በእያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ እየገሰገሰ ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ ውስጥ እግርን ያገኘዋል። ስለዚህ በዚያ አገር የሚሮጥ ሰው ከሩጫ በኋላ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥቶ፣ ሶሉን በሁለት እጁ ወደ ኋላ አጥፎ፣ ከተረከዝ እስከ ጣት በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ መዳሰስ ይኖርበታል፤ በዓይን የማይታየው የእሾህ ጫፍ በዚህ ጊዜ እንደ ትንሽ መርፌ ይሰማል።

የአገሬው ሰው ለዚህ ችግር የሰጠው መልስ በረባሶ ነው። በረባሶ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ፣ ማሰሪያው ከውስጠኛው ስስ ጎማ ተሠርቶ፣ በምስማር የተያያዘ ክፍት ጫማ ሲሆን፣ አሠራሩ ቀላል ቢመስልም የራሱ እውቀት አለው። ቆራጩ በናይለን ክር የተደራረበውን ጎማ ይመርጣል፤ የብረት ሽቦ ያለበት ጎማ ለቢላዋ አስቸጋሪ ከመሆኑ በላይ ሽቦው ውሎ አድሮ ጫፉን አውጥቶ ባለቤቱን ይወጋዋልና። ከእግሩ ልክ ጥቂት አስፍቶ ይቆርጣል፤ ምክንያቱም ጠርዙ ከእግሩ ጋር እኩል ከሆነ የጎን እሾህ ሥጋውን ያገኘዋል። በዚህ መልክ የተሠራ በረባሶ እሾህ አይበሳውም፣ ውኃ አይዝም፣ እግር በሙቀት ሲያብጥ ማሰሪያው ይላላለታል፣ ሲበጠስም አንድ ምስማርና አንድ ድንጋይ ካለ በመንገድ ላይ ይጠገናል። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ይከብዳል፣ ጣትን ከድንጋይ አይከላከልም፣ በአግድም ዳገት ላይ እግር ከላዩ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ላብና አቧራ ሲቀላቀል ማሰሪያው ቆዳ ይልጣል። ሆኖም የተራራ ሩጫ ጫማን የሚሠሩ የውጭ ድርጅቶች በጠንካራው የጎማ ሶልና በለስላሳው ንጣፍ መካከል የሚያስገቡት ስስና ጠንካራ ሳህን፣ ማለትም ሹል ድንጋይ ወደ እግር እንዳይዘልቅ የሚያግደው ገበታ፣ በሐሳብ ደረጃ በረባሶ ከሚሠራው ሥራ የተለየ አይደለም። በረባሶ የድሃ ጫማ ተብሎ መናቁ ተገቢ አይደለም፤ ለመሬቱ ከተሰጡት መልሶች መካከል እጅግ የታሰበበት እርሱ ነውና።

ለዚህ ከሩቅ አገር የሚመጣ ምስክር አለ። በሰሜን ሜክሲኮ ገደላማ ተራሮች የሚኖሩት ራራሙሪ የተባሉ ሕዝቦች ከመኪና ጎማና ከቆዳ ጠፍር በሚሠሩት ሰንደል ረጅም ርቀት በመሮጥ ይታወቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍታ ባለው በሌድቪል በተካሄደው የ160 ኪሎ ሜትር ሩጫ ያሸነፈው ከእነርሱ አንዱ የሆነው፣ በዚያን ጊዜ 55 ዓመቱ የነበረው ቪክቶሪያኖ ቹሮ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሰንደል ከጫማ ይበልጣል ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ይሆናል፤ የእነዚያ ሰዎች እግር ከልጅነት ጀምሮ በዚያው ጫማና በዚያው ድንጋይ ላይ የተሠራ በመሆኑ፣ ማስረጃው የሚያሳየው እግር፣ ጫማና መሬት ለረጅም ጊዜ ተላምደው ሲገኙ ዋጋውና ስሙ ሁለተኛ ነገር መሆኑን ነው።

የባዶ እግር ሩጫ ክርክርም የሚፈታው በዚሁ መንገድ ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳና 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ በባዶ እግሩ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ውሳኔው ለትርኢት ተብሎ የተደረገ አልነበረም፤ የቀረበለት አዲስ ጫማ ለእግሩ ስላልተመቸውና በባዶ እግር ልምምድ የሠለጠነ ስለነበረ፣ ያልለመደውን ጫማ አድርጎ ውኃ ከሚቋጥር የለመደውን ባዶ እግር መረጠ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ግን በጫማ ሮጦ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ በሆነ ጊዜ ክብረ ወሰኑን አሻሻለ። በሮም ጫማ ያላደረገውም፣ በቶኪዮ ያደረገውም ያው ሰው ነው፤ በሁለቱም ጊዜ የወሰነው በእግሩ ምቾት ነው። ዛሬ በሱቅ ውስጥ አዲስ ጫማ ገዝቶ በነጋታው ረጅም ሩጫ ላይ የሚቆም ወጣት ከሮሙ ድል ሊወስደው የሚገባው ትምህርት ይህ ነው።

በሳይንሱም በኩል ለደቡብ ቆላ ቅርብ የሆነ ነገር ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ፣ በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች አዘውትረው በእግራቸው የፊት ክፍል እንደሚያርፉ፣ ወፍራም ተረከዝ ያለው ጫማ የለመዱት ግን በተረከዛቸው እንደሚያርፉ የሚገልጽ ጥናት አወጡ፤ ከዚያ በኋላ ባዶ እግርና ስስ ጫማ በምዕራቡ ዓለም እንደ አዲስ እምነት ተሰበከ። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን በሰሜን ኬንያ፣ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ በሚኖሩ ዳሰነቾች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት፣ በባዶ እግር ያደጉት እነዚህ ሰዎች በሚመቻቸው የረጅም ርቀት ፍጥነት ሲሮጡ አብዛኞቹ በተረከዛቸው እንደሚያርፉ አሳየ። ዳሰነቾች በኢትዮጵያም በኦሞ ወንዝ ታችኛ ተፋሰስ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። እግር እንዴት እንደሚያርፍ የሚወሰነው በጫማ ብቻ ሳይሆን በፍጥነት፣ በመሬቱና በልማድ ጭምር መሆኑ በዚህ ይታወቃል፤ ስለዚህ የአረጋገጥ ስልቱን በአንድ ጊዜ ይለውጥልኛል ብሎ ጫማ የሚገዛ ሰው ጅማቱንና ባቱን ለጉዳት ያጋልጣል።

በሌላ በኩል ባዶ እግር በኢትዮጵያ የጤና ጉዳይ ጭምር ነው። በወላይታና በሌሎች ዝናብ በሚበዛባቸው ከፍተኛ ቦታዎች የሚታየው፣ ከዝሆን እግር ጋር የሚመሳሰለው ፖዶኮንዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት ያለ ጫማ በመሄድ የሚመጣ መሆኑን ያስረዳው በኢትዮጵያ ያገለገለው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ሞቃቱና ደረቁ ቆላ ከዚህ በሽታ በአብዛኛው ነፃ ቢሆንም፣ ከቆላ ተነሥቶ በደጋ የሚሮጥ ሰው ወደዚያ አፈር እንደሚገባ መዘንጋት የለበትም።

አሁን ወደ ዘመኑ የውድድር ጫማ ሲመጣ፣ ትልቁ ለውጥ ወፍራም፣ ቀላልና ነጣሪ በሆነ ንጣፍ ውስጥ የካርቦን ሳህን መግባቱ ነው። የዓለም አትሌቲክስ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ የጎዳና ሩጫ ጫማ ሶል ውፍረት ከ4 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የደንቡን ጥብቅነት ኢትዮጵያውያን በቅርብ የተረዱት ደራራ ሁሪሳ መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የቪየና ማራቶንን በአንደኝነት ጨርሶ ሳለ የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ውጤቱ ሲሰረዝ ነው። ትዕግሥት አሰፋ ደግሞ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ብቻ የሚመዝን ነበር። ቅለት ዋጋ እንዳለው አያከራክርም፤ በአንድ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሯጩ የሚያወጣው ኃይል 1 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ተለክቷል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጫማ የተሠራው ለስላሳ አስፋልት ላይ አንድ ቀን በፍጥነት ለመሮጥ ነው። በኮረኮንች ላይ ከፍታው ቁርጭምጭሚትን ያስታል፤ ጠጠር በአንድ ጠርዝ ሲነካው ያዘነብላል፤ ስስ የሆነው የውጭ ጎማ በድንጋይ ይበላል፤ ንጣፉም ቀደም ሲል እንደተባለው ለእሾህ የተመቸ ነው። ለሳነቴ ዳገት የበርሊንን ጫማ መመኘት ለጭነት የሰንጋ ፈረስ እንደ መምረጥ ይቆጠራል።

እንግዲህ ለቆላና ለተራራ የሚሆነው ጫማ መካከለኛ ነው። የሥሩ ጎማ ጠንካራ ሆኖ፣ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ፣ ተራርቀው የተተከሉ ጥርሶች ያሉት ቢሆን ይመረጣል፤ ጥርሶቹ ከተጠጋጉ ዋልካ በመካከላቸው ይሞላና ጫማው ጡብ ይሆናል፤ እንደ እግር ኳስ ታኬታ ከረዘሙ ደግሞ በደረቅ ድንጋይ ላይ እግርን ያንሸራትታሉ። ንጣፉ በጣም ወፍራምም በጣም ስስም መሆን የለበትም፤ ለስላሳ ንጣፍ በሙቀት ይበልጥ እንደሚለሰልስ፣ በብርድም እንደሚደርቅ ታስቦ፣ በሱቅ ውስጥ በእጅ ሲጫኑት እንደ ፍራሽ የሚሰጥም ጫማ ይታለፍ። የላይኛው ጨርቅ ቀዳዳው የሰፋ እንደሆነ አየር ያስገባል፣ ነገር ግን የነገሌን ደቃቅ ቀይ አቧራም ያስገባል፤ ያም አቧራ ከላብ ጋር ሲቦካ በጣቶች መካከል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቆዳ ይፍቃል። ስለዚህ ጠበቅ ያለ ሽመና ያለው ጨርቅ፣ በጣቶቹ ፊት ለፊት ደግሞ የጎማ መከላከያ ያለው ይመረጣል። ጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቆይ ውኃ የሚያስቋጥረው እርሱ ነው፤ ስስ የሱፍ ወይም ላብ የማይዝ ሰው ሠራሽ ካልሲ ይሻላል።

ልኩን በሚመለከት ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው። በሜጋና በዱብሉቅ መካከል የሚገኘው ኤል ሶድ፣ ማለትም ቦረናዎች ከሥሩ ካለው ሐይቅ ጥቁር ጨው የሚያወጡበት የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ፣ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ከጠርዙ እስከ ሐይቁ የሚወርደው ጠመዝማዛ የእግር መንገድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር የሚያዘቀዝቅ ሲሆን፣ ጨው የተጫኑ አህዮች የሚወጡበት ዳገትም እርሱው ነው። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት እግር በጫማው ውስጥ ወደ ፊት እየተንሸራተተ አውራ ጣት የጫማውን አፍንጫ ይመታል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ከሳምንታት በኋላ ይነቀላል። ስለዚህ ቆመው ሲለኩት ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት መትረፍ አለበት፤ ተረከዙ ግን መያዝ ይኖርበታል። ተረከዙ የሚላላ ከሆነ ክሩን በመጨረሻው ቀዳዳ በዚያው ጎን መልሶ በማስገባት ትንሽ ቀለበት መሥራት፣ ከዚያም ክሮቹን በማዶኛው ቀለበት ውስጥ አሳልፎ ማሰር ተረከዙን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ይህን ሩጫው ከመጀመሩ በፊት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና። ከጨው ሐይቁ ዳር የደረሰ ጫማ ደግሞ በዚያው ቀን በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት፤ ጨው ሲደርቅ ቆዳውንና ስፌቱን ያደርቃል፣ በደረቀው ስፌትም ላይ እግር ይቆስላል።

በቆላ ከተሞች ገበያ ከሚቀርበው ጫማ ብዙው ሰልባጅ በመሆኑ ስለ እርሱም መናገር ተገቢ ነው። የሩጫ ጫማ በተለምዶ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል፤ ከዚያ በኋላ ላዩ አዲስ ቢመስልም ንጣፉ ሞቶ ይሆናል። ገዢው ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ሲያየው ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ በንጣፉ ጎን ላይ ጥልቅ የመጨማደድ መስመር ከታየ፣ ወይም ሶሉ በቅርብ በማስቲሽ የተለጠፈ ከሆነ መተው ይሻለዋል፤ ከሁሉም በላይ ሰልባጅ ጫማ የሌላ ሰው እግር ቅርጽ የተቀረጸበት መሆኑ መታወቅ አለበት። በዋጋው ምክንያት ሌላ ምርጫ የሌለው ሯጭ ግን ከሞተ የውድድር ጫማ ይልቅ ሶሉ ደኅና የሆነ ተራ ሸራ ጫማ ቢመርጥ ይጠቀማል።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የተራራ ጫማ ለምን በአገር ውስጥ አይሠራም የሚለው ነው። ኢትዮጵያ በከብት ሀብቷ የታወቀች አገር ናት፤ የቦረና ከብት ዝርያም ከዚህ ሀብት አንዱ ነው። በ2004 ዓ.ም. በዱከም ሥራ የጀመረው የቻይናው ሁዋጂየን ፋብሪካ ለውጭ ገበያ ጫማ ማምረት እንደሚቻል አሳይቷል፤ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያቋቋመችው ሶል ሬብልስም የበረባሶን አሠራር ይዞ፣ ከአሮጌ ጎማ በተሠራ ሶል ወደ ዓለም ገበያ ወጥቷል። እሾህ የማይበሳው ሶል፣ አቧራ የማያስገባ የላይኛ አካልና ለሰፊ እግር የሚሆን ልክ ያለው የሩጫ ጫማ ለመሥራት የሚያስፈልገው እውቀት ከፊሉ በፋብሪካዎቹ፣ ከፊሉ ደግሞ በነገሌና በያቤሎ ገበያ ጎማ በሚቆርጡት ባለሙያዎች እጅ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊቀመጡ ይገባል። የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፣ የጫማ አምራቾችና የቴክኒክ ኮሌጆች ይህን ሥራ ቢጀምሩት ለመጀመሪያው ሙከራ አንድ ቁራጭ ጎማ፣ አንድ ቁራጭ የቦረና በሬ ቆዳና ከነገሌ እስከ ገናሌ ደርሶ ለመመለስ ፈቃደኛ የሆነ አንድ ሯጭ ይበቃቸዋል።